ከጎን ያለው ፍሬን

ስለ እህቴ ብዙ ተወርቷል። ሰው ሲያወራ ደግሞ ቅመም ጨምሮ ነው። "የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች" ያሏት አሉ፤ "ለታይታ ብላ ልጇን ልትገድላት ነበር" ያሉም አልጠፉ። እነዚያው ሐሜተኞች ዛሬ ልጆቻቸውን መንዳት እንድታስተምርላቸው በሯን ያንኳኳሉ፤ እሱን ግን የሚያወራው የለም። ስለዚህ እኔ ላውራው። ነገሩ ሲሆን ከኋላ ወንበር ተጣጥፌ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ፤ ከማንም የተሻለ አይቻለሁ። ያልጣመው ጆሮውን ይድፈን።

እህቴ ታላቄ ናት። ሥራዋ መኪና መንዳት ማስተማር ነው። ተማሪዎቿ "እትዬ ፍሬን" ይሏታል፤ እሷም ሰምታ እንዳልሰማች ታልፋለች። የምታስተምርበት ነጭ መኪና አሮጌ ነው፤ መሪው በስንቱ የፈራ ሰው ላብ ተልጦ አንጸባርቋል። መኪናውን ከሌላው የሚለየው እሷ በምትቀመጥበት በኩል፣ ከእግሯ ሥር፣ አንድ ተጨማሪ የፍሬን ፔዳል መኖሩ ነው። ተማሪው ሲደነግጥ እሷ በዚያ ታቆመዋለች። የቀኝ ጫማዋ ሶል ሁልጊዜ ከግራው ቀድሞ ያልቃል። ጫማ ሰፊው "እትዬ፣ በአንድ እግር ነው እንዴ የሚሄዱት?" እያለ ይቀልድባታል።

መኪናው ውስጥ አንድ የማይሻር ሕግ አላት። በራሷ ፔዳል ፍሬን በያዘች ቁጥር "የኔ!" ብላ ትጮኻለች። መኪናው የቆመው በሷ እግር እንጂ በተማሪው እግር አለመሆኑን ተማሪው እንዲያውቅ ነው። ጎምቱ ጎምቱ ሰዎች ሳይቀሩ "ኧረ እኔ ነኝ የያዝኩት!" ብለው ይከራከሯታል።

"እግርህ እኮ አሁንም ነዳጅ ላይ ነው። ታዲያ ማን አቆመን? መልአክ?" ትላቸዋለች።

አንድም ቀን "የኔ" ሳትል ደጋግማ መንገድ ያወጣችውን ተማሪ ብቻ ነው ለፈተና የምታቀርበው። አንዳንዱ ያለቅሳል፣ አንዳንዱ ለትምህርት ቤቱ ባለቤት ይከሳታል፣ አንዳንዱ አኩርፎ ሌላ አስተማሪ ይፈልጋል። እሷ ምን ግዷት።

ባሏ የሕንፃ ተቋራጭ ነው፤ ነበር ልበል፣ ባልነቱን ማለቴ ነው። ልጃቸው ገና ድክ ድክ ስትል "ካንቺ ጋር መኖር የእጅ ፍሬን ሳይለቁ ዳገት እንደመውጣት ነው" ብሏት ሻንጣውን አንጠልጥሎ ሄደ። ክፉ ሰው አይደለም። ትልልቁን ነገር ያውቅበታል፤ ትንንሹ ላይ ግን የለም። ልጅቷን ኩፍኝ ይዟት አፏ ሲደርቅ አልነበረም፤ ስትድን ግን ሳሎኑን የሚሞላ አሻንጉሊት ልኮላታል። አሻንጉሊቱን የሚያስገባ በር ስላልነበረ ጆሮውን አጥፈን በመስኮት አስገባነው።

ልጅቷን "ቃሪያ" የምንላት ታቃጥላለችና ነው። አንድ ሲሏት አሥር ትመልሳለች። ለእናቷ ግን የዓይኗ ብሌን ናት። አስራ ስምንት ዓመት እንደሞላት እናቷ በዚያው ነጭ መኪና አስተማረቻት፤ ፈተናውን በመጀመሪያው ሙከራ አለፈች። መንጃ ፈቃዷን ይዛ ስትመጣ የሰፈሩን በር ሁሉ እያንኳኳች አሳየች። ፎቶው ላይ ያፈጠጠች ብትመስልም ማንም ሊነግራት አልደፈረም።

አባቷ ብቅ ያለው በዚያው ሰሞን ነው። ከሱ ድምፁ ቀደመ። እንደ ተቆጣ ንብ የሚያጉረመርም ነገር ከመንገዱ መታጠፊያ ሰማን፤ ቀጥሎ ቢጫ፣ ሁለት በር ብቻ ያለው፣ መሬት ላይ የተኛ የሚመስል ስፖርት መኪና መጣ። በራችን አጠገብ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ አለ፤ እዚያ ላይ ሲደርስ የመኪናው ሆድ ቂ...ው ብሎ ተፋቀ። አባትየው እንዳልሰማ ሆኖ ወረደና ቁልፉን ልጁ እጅ ላይ አስቀመጠ።

"የመጀመሪያ መኪናሽ ነው" አላት።

ቃሪያ ጮኸች፣ ዘለለች፣ አባቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች። ሰፈሩ ሁሉ ወጣ። ጎረቤታችን ጡረተኛው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና መኪናውንም ልጅቷንም አዩ።

"እንኳን ዘንቦብሽ እንዲሁም ጤዛ ነሽ" አሏት።

"ጋሼ፣ ጤዛ ማንንም ገጭቶ አያውቅም" አለቻቸው።

ሰው ሁሉ ሳቀና ዓይኑን ወደ እህቴ መለሰ። "አይሆንም" እስክትል ነበር የሚጠበቀው። "አይሆንም" ካለች ቀናተኛ ናት፤ ጥሏት የሄደ ባል ስጦታ ያንገበገባት ሴት ናት። "ይሁን" ካለች ደግሞ ልጇን ለሞት የሰጠች እናት ናት። እህቴ መኪናውን ዞረችው፣ ጎማውን በእግሯ ነካ ነካ አደረገች፣ ከዚያ ከሹፌሩ ጎን ባለው ወንበር ገብታ ተቀመጠች። ወደ እግሯ አየች። አዲስ ጥቁር ምንጣፍ ነው፤ ሌላ ምንም የለም።

"እዚህ ጋ ባዶ ነው" አለች።

"ምን እንዲኖር ፈለግሽ?" አለ አባትየው እየሳቀ።

እህቴ ከመኪናው ወረደች። ከልጇ እጅ ቁልፉን ተቀበለችና "ቅዳሜ ጠዋት እናያለን" ብላ ቤት ገባች።

እስከ ቅዳሜ ድረስ ቤታችን ሸንጎ ሆነ። አባትየው በማግስቱ ሻይ ሊጠጣ መጥቶ፣ እንደ ድሮው እግሩን ዘርግቶ ሶፋው ላይ ተቀመጠ።

"ወጣት ያልነዳውን ማን ይንዳው? ሽማግሌማ ሲገባበት ወገቡን፣ ሲወጣበት ጉልበቱን ያመዋል" አለ።

"አንተ ነድተኸው መጥተሃል፤ ወገብህ እንዴት ነው?" አልኩት። አልወደደልኝም። እኔም እንዲወድልኝ አላልኩትም።

እህቴ ግን በእርጋታ ነበር የምትናገረው። "ልጅቷ ሞኝ ናት አላልኩም። የመጀመሪያ መኪና ሰው ሲሳሳት ጊዜ የሚሰጥ መሆን አለበት። ይሄ ገና ሲነኩት ይፈተለካል። ዝቅ ብሎ ከኋላ ያለውን አያሳይም። ጓደኞቿ ደግሞ ተሰብስበው 'እስቲ ጠበቅ አድርጊው' ይሏታል፤ ሰው በአሮጌ ነጭ መኪና 'ጠበቅ አድርጊው' አይባልም።"

"ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" አልኳት እኔም ለቃሪያ።

"አክስቴ፣ እንቁላሉ እስኪሄድ እኔ አረጀሁ" አለችኝና ወደ እናቷ ዞረች። ድምፅዋ ተለወጠ። "እማ፣ ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። ለፈተና ያቀረብሽኝ አንቺ ነሽ። አሁን አትችዪም ካልሽኝ አንድም ውሸት ነው ያስተማርሽኝ፣ አንድም ስለ ሁሉም ሰው እውነቱን ስትናገሪ ለኔ ብቻ ዋሽተሻል። የቱ ነው?"

እህቴ የሻይ ኩባያዎቹን ሰብስባ ወደ ኩሽና ገባች።

የትምህርት ቤቱ ባለቤትም በፊናው ወጋት። "ከተማው ሁሉ ያውቃል እኮ። አንቺ የገዛ ልጅሽን ካላመንሻት ወላጆች እኛን በምን ያምኑናል?" አላት። ይህን የሰማች ቀን ከሥራ ስትመለስ አንገቷን ቀና አድርጋ፣ በረንዳ ላይ ለተሰበሰበው ሰው ሁሉ እንዲሰማ ተናገረች።

"ልጄን ያስተማርኳት እኔ ነኝ! በስንቱ ሰው ላይ 'የኔ' ብዬ ጮኼአለሁ፤ በሷ ላይ ግን አንድም ቀን 'የኔ' ብዬ አላውቅም። ትነዳዋለች፤ የሚያይ ይይ!"

እኔ አጨበጨብኩ። እልኸኝነት በዘራችን ነው። ቃሪያ እናቷን እቅፍ አድርጋ ጉንጯን ሳመቻት። ከእህቴ ፊት ላይ ግን ደስታ አላየሁም፤ ያን ጊዜ ድካም መስሎኝ ነበር።

ቅዳሜ ማለዳ ወጣን። ቃሪያ መሪውን ያዘች፣ እህቴ ከጎኗ፣ እኔ ከኋላ። የኋላ ወንበር የሚሉት ለቦርሳ የተሠራ ነው። ጉልበቴ አገጬን ነክቷል፣ ጣሪያው ጸጉሬን ያበጥረዋል። "አክስቴ፣ ተመቸሽ?" አለችኝ። "ቁርስ ባልበላ ኖሮ ይመቸኝ ነበር" አልኳት።

አነዳዷ እውነትም ያምራል። ፍሬቻ ታሳያለች፣ መስታወት ታያለች፣ ለእግረኛ ትቆማለች። መሪውን ስትይዝ ልክ እናቷን ነው የምትመስለው። መጋዘኖቹ ጋ ስንደርስ ልቤ ሞቅ አለ፤ "እንኳንም ትነዳዋለች አለች" አልኩ። ከመጋዘኖቹ ጀርባ ረጅም ቁልቁለት አለ፤ መጨረሻው ላይ አበባ የተተከለበት አደባባይ። እህቴ ተማሪዎቿን ሁሉ እዚያ ታወርዳቸዋለች። ቃሪያም በነጩ መኪና ስንት ጊዜ ወርዳዋለች።

ቁልቁለቱን ጀመርን። መኪናው ሲንደረደር አልተሰማንም፤ እንዲህ ያለው መኪና ሲፈጥን አይናገርም። እኔ በሁለቱ ወንበሮች መሃል አጮልቄ ስለነበር የእህቴ ቀኝ እግር ይታየኛል። እግሯ ተነሣ። ረገጠ። ምንጣፉን ነው የረገጠው። ደግማ ረገጠች፤ አሁንም ምንጣፉን። ያኔ ነው የቃሪያ እግር ገና ወደ ፍሬኑ ሲሄድ ያየሁት።

ጎማው ጮኸ። መኪናው የአደባባዩን ጠርዝ ድንጋይ ገጭቶ ተሻገረና አበባው መሃል ቆመ። የአትክልት ሠራተኛው ቱቦውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ፤ ውሃው ኮፈኑ ላይ ይፈሳል። የፊቱ መከላከያ ፓራውርት ተሰብሮ ተንጠልጥሏል። ሰው አልተጎዳም። እኔ ብቻ አፍንጫዬ ከወንበሩ ጋር ተጋጭቶ ነስሮኛል፤ እሱም ቢሆን የራሴ ጥፋት ነው፤ ማን አጮልቂ አለኝ?

"ፍሬኑ አልያዘም!" ብላ ጮኸች ቃሪያ። "እንደ ሁልጊዜው ነው የረገጥኩት! ሁልጊዜ የምረግጥበት ቦታ፣ መብራት እንጨቱ ጋ! እንደ ሁልጊዜው!"

እህቴ ወረደች፣ ዞራ መጣችና የልጇን በር ከፈተች። ጎንበስ ብላ የቃሪያን ፊት በሁለት እጇ ያዘች፣ ጤነኛ መሆኗን አየች። ከዚያ ነው የተናገረችው።

"ፍሬኑ ደህና ነው። ያልያዝኩት እኔ ነኝ።"

"ምን ማለት ነው?"

"በነጩ መኪና ይህን ቁልቁለት ስንወርድ አንቺ መብራት እንጨቱ ጋ ከመድረስሽ በፊት እኔ ቀስ ብዬ እይዘው ነበር። አንቺ ስትረግጪ የመኪናው ፍጥነት ቀድሞ በርዶልሻል።"

"'የኔ' ብለሽ አታውቂም!"

"አላልኩም።"

"ፈተናውስ?"

"የፈተናው ሜዳ ደልዳላ ነው። እዚያ ቁልቁለት የለም።"

ቃሪያ እናቷን እንደማታውቃት ሰው አየቻት። "ለምን? ለሁሉም ትያለሽ፣ ለኔ ለምን?"

እህቴ ስታለቅስ ያየሁት ባሏ የሄደ ቀን ብቻ ነበር፤ አሁን ሁለተኛው ሆነ። "ራስሽ ያቆምሽው ሲመስልሽ ፊትሽ ይበራ ነበር። ያንን ማጥፋት አቃተኝ። ፈራሁልሽም፤ ደስም አልሽኝ። ሁለቱ ተባበሩብኝ።"

ልጅቷ ቀበቶዋን ፈታች፣ ወረደች፣ ያንን ሁሉ ዳገት ቤቷ ድረስ በእግሯ ወጣችው። አንዴም ዞር አላለችም።

እንግዲህ ሰው ወሬውን የጀመረው እዚህ ጋ ነው። ይጀምር! ልጁ ሲወድቅ እጁን ያልዘረጋ ወላጅ ካለ እሱ ይፍረድባት። እህቴ ግን አልተደበቀችም። መኪናው ተጎትቶ ቤት ሲመጣ ጡረተኛው "መኪናውን ምን አገኘው?" ሲሏት "እኔ ነኝ የገጨሁት ጋሼ፣ ተሳፋሪ ሆኜ" አለቻቸው። ወደ ትምህርት ቤቱ ባለቤት ሄዳ ከኔ በሰማችሁት ቃል ነገረችው፤ ከፈለገ እንዲያሰናብታትም ጨመረችለት። አላሰናበታትም። እንደሷ የሚጮህለት ከየት ያገኛል?

እሑድ አባትየው መጣ። ሰው ቢሆን ኖሮ "ልጄ ተረፈችልኝ" ነበር የሚለው። እሱ ግን ዓይኑን በጨው አጥቦ መጣ።

"አልኩሽ እኮ፤ ልጅቷ ገና ናት። መኪናውን ልውሰደው። በሱ ፈንታ አንድ ደህና አሮጌ ነገር እፈልግላታለሁ" አለ።

"ያልከው መቼ ነው? ሻይ ስትጠጣ ነው፣ ወገብህን ሲያምህ?" አልኩት።

እህቴ እጇን አንሥታ አስቆመችኝ። ከኪሷ ቁልፉን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፣ ወደ እሱም በሩ ላይ ብቅ ወዳለችው ልጇም ሳታስጠጋ። ቃሪያ ከትናንት ጀምሮ ከክፍሏ አልወጣችም ነበር፤ የአባቷን ድምፅ ሰምታ ነው የወጣችው። ዓይኗ አብጧል።

"አባዬ፣ መኪናውን አትነካውም" አለች።

"ልጄ፣ ላንቺ ብዬ..."

"ሰጥተኸኛል። የተሰጠ ነገር አንድ ጊዜ ስለተገጨ አይወሰድም። እኔስ ብገጭ ትመልሰኛለህ?" ቁልፉን አነሣችና አንገቷ ላይ ካለው ክር ጋር አሠረችው። "ለመጀመሪያ መኪናነት አይሆነኝም። እማ ልክ ናት። ግን አይሆንሽም ብሎ የሚወስድብኝ ሰው አልፈልግም። ይሆነኛል የምለው እኔ ነኝ፣ ቀኑንም የምቆርጠው እኔ ነኝ።"

አባትየው እህቴን አየ፤ እህቴ ጣሪያውን አየች። ሻይ እንኳን ሳይቀርብለት ሄደ። ቃሪያ ከጓሮ ሸራ ጎትታ አመጣችና ቢጫውን መኪና ከነስብራቱ ሸፈነችው፤ ጥግ ጥጉን በድንጋይ ስትይዘው ማንም እንዲረዳት አልፈቀደችም። ሲያልቅ እናቷ ፊት መጥታ ቆመች።

"የነጩን መኪና ቁልፍ አምጪ። ቁልቁለቱን እወርደዋለሁ።"

"አሁን?"

"አሁን። አንቺ ግን ከፊት አትቀመጪም።"

ስንቱን ጎምቱ ያንቀጠቀጠች ሴት እንደ ተማሪ ቆመች። "እሺ፤ ከፊት ማን ይቀመጥ?" አለች።

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። እኔ እንኳን መኪና ብስክሌት ነድቼ አላውቅም። ለዚህ ነው የፈለጉኝ።

ነጩ መኪና ውስጥ ያንን የታወቀ ፔዳል እግሬ ሥር ሳገኘው ላብ አጠመቀኝ። "አክስቴ፣ ከነካሽው ሁለተኛ አላናግርሽም" አለችኝ ቃሪያ ሞተሩን እያስነሣች። እህቴ ከኋላ፣ ልክ መሃል ላይ ተቀምጣለች። ጫማዋን አውልቃለች። ሁለቱንም ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ እግሯን ወንበሩ ላይ አጥፋ፣ የቀኙን ጫማ ሶል በአውራ ጣቷ ታሻሸዋለች።

መጋዘኖቹን አለፍን። ቁልቁለቱ መጣ። ነጩ መኪና እንደ ቢጫው አይደለም፤ ሲፈጥን ያቃስታል፣ ይንቀጠቀጣል፣ መስኮቱ ይንገጫገጫል። ቃሪያ ከንፈሯን ነክሳለች። መብራት እንጨቱ ይታየኛል፣ አደባባዩም፣ የተደፈጠጠው አበባም፣ ያ የአትክልት ሠራተኛም። ሰውየው ሲያየን ቱቦውን ጥሎ ወደ ዳር ሮጠ። የኔ እግር፣ እኔ ሳላዘው፣ ተነሣ።

"እግርሽን!" ብላ ጮኸች እህቴ ከኋላ። "አንሺ እግርሽን! ያንቺ አይደለም!"

ሁለቱንም እግሬን ሰብስቤ ወንበሩ ላይ ወጣሁ። ዓይኔን ጨፈንኩ። መኪናው ወደ ፊት ተጎነበሰ፣ ደረቴ ቀበቶው ላይ ተጫነ፣ አንድ ነገር ከኋላ ወድቆ ተንከባለለ። ከዚያ ዝም አለ። ዓይኔን ስገልጥ የፊቱ ጎማ ከአደባባዩ መስመር ትንሽ ቀደም ብሎ ቆሟል። መብራት እንጨቱ ከኋላችን ነው፤ ዓይኔን ስጨፍን ገና ከፊታችን ነበር፤ ወዲያው፣ ከሱ በፊት ነው የያዘችው። የወደቀው የእህቴ ጫማ ነው፤ እግሬ ሥር፣ ማንም ያልነካው ፔዳል አጠገብ መጥቶ ተጋድሟል።

ቃሪያ እጇ መሪው ላይ እንደተጣበቀ፣ ወደ ኋላ ሳትዞር፣ ባላት ድምፅ ሁሉ ጮኸች።

"የኔ!"

እህቴ ወደ ፊት ጠጋ አለች። ትንፋሿ ሲሄድ ይሰማኛል። ከዚያ በእድሜዋ ሙሉ ለማንም ተማሪ ተናግራው የማታውቀውን ቃል ተናገረች።

"ያንቺ" አለች።